የበልግ ጥያቄና ሁለተኛ ዲግሪ፦ የአንዲት የኮምቦልቻ መምህርት ጉዳይ

በወሎ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚነሣ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ምክር የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ነው። የሚፈልገው ምርቃት ስለሆነ መርቆ ከመሸኘት ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ይህች መምህርት ግን ወደ እኔ የመጣችው ገና ምንም ሳትወስን ነበር። አምስት አማራጮችን በደብተር ጽፋ፣ እያንዳንዱን ለመጣልም ለማንሣትም ተዘጋጅታ ስለመጣች ጉዳይዋን ከሥር መሠረቱ መከታተል ቻልኩ። ስሟንና የትምህርት ቤቷን ስም ያልጻፍኩት በራሷ ፍላጎት ነው። ያመለከተችባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ያልጠራሁት ደግሞ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ዝርዝር ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ነው፤ ዘንድሮ የተከፈተ ፕሮግራም በሚቀጥለው ዓመት አመልካች አንሶ ሊታጠፍ ይችላል። አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ መውሰድ ያለበት አመዛዘኑን ነው።

መምህርቷና ሥራዋ

ትውልዷ ሐይቅ ነው። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በማኅበራዊ ሳይንስ ዲፕሎማ ይዛ እንደወጣች የተመደበችው ወረባቦ ወረዳ ሲሆን፣ እዚያ በሁለተኛው እርከን ማኅበራዊ ሳይንስ አስተማረች። በክረምት መርሐ ግብር በጂኦግራፊ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ካገኘች በኋላ በዝውውር ኮምቦልቻ ገባች። አሁን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ባለቤቷ በኮምቦልቻና በሚሌ መስመር ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው።

ይህ የሥራ ታሪኳ ለምርጫው ትልቅ ክብደት ነበረው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ ታሪኩንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ የኢኮኖሚውንም ጉዳይ በአንድ መጽሐፍ ይዞ በክልሉ አብዛኛው ክፍል በአማርኛ ይሰጣል። ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲደርስ ያው ትምህርት ተለያይቶ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና የዜግነት ትምህርት ይሆናል፤ ቋንቋውም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በ2015 ዓ.ም. በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቀድሞ በ11ኛ ክፍል ይጀመር የነበረውን ኢኮኖሚክስ ወደ 9ኛ ክፍል አውርዶታል። እሷ በሁለቱም ወገን አስተምራለች። ልጆቹ ከ8ኛ ክፍል ምን ይዘው እንደሚመጡና 9ኛ ክፍል ሲገቡ ምን እንደሚጠፋባቸው የምታውቀው ከራሷ ክፍል ነው። የዜግነት ትምህርት ወይም የታሪክ መምህር ሲጎድል ክፍለ ጊዜውን እንድትሸፍን የምትጠየቀውም እሷ ናት፤ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር በወረቀት የአንድ ትምህርት፣ በተግባር የሦስት ትምህርት መምህር ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚነሣውን ወግ እንደለወጠው ትናገራለች። ከዚያ በፊት ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ሲወራ የሚነሣው የደመወዝ እርከንና የደረጃ ዕድገት ነበር። ከዚያ በኋላ «እኛስ የምናስተምረውን ጠንቅቀን እናውቀዋለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ተጨመረበት። ጥያቄው የሚያም ቢሆንም ደፍረው ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ከክፍል የተነሣው ጥያቄ

የመማር ሐሳቧ መልክ የያዘው የሀገሪቱን የዝናብ ሥርጭት ስታስተምር ነው። ሰሌዳ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ሥላ ዋናውን ዝናባቸውን በክረምት የሚያገኙትን አካባቢዎች በሰማያዊ ጠመኔ ትቀባለች። ወሎም ከእነ ጎጃምና ጎንደር ጋር ሰማያዊ ሆነ። ከደሴ ዙሪያ ደጋ መጥቶ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ አገር ክረምት ላይ በረዶና ውርጭ ነው የሚመታን። የምንበላው የበልጉን ገብስ ነው። እኛን ለምን ከጎጃም ጋር ቀባችሁን?»

ልጁ ልክ ነበር። የበልግ ዝናብ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በአብዛኛው የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከአረቢያ ባሕር አቅጣጫ የሚነፍሰው እርጥብ አየር የምሥራቁን ተዳፋት ሲወጣ ነው። ወደ አፋር ቁልቁል የሚያየው የወሎ ደጋ ይህን አየር ፊት ለፊት ይቀበለዋል። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚያዘነብለው የምዕራቡ ወገን ተስፋው በይበልጥ ክረምቱ ላይ ነው። በከፍተኛው ደጋ ክረምቱ ብርድ፣ በረዶና ውሃ የቋጠረ ማሳ ይዞ ስለሚመጣ ገበሬው ብዙውን ዘሩን በበልግ ጥሎ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይሰበስባል። እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ ሁለት የእርሻ ዓመት አለ ማለት ነው።

መምህርቷ ይህን ያህሉን ታውቀው ነበር፤ ለልጁም ነገረችው። ያስጨነቃት ቀጥሎ የመጣው ነው። «ታዲያ በልጉ አንዳንድ ዓመት ለምን ይቀራል?» አለ ያው ልጅ። በልግ መቅረት በወሎ ቀላል ነገር አይደለም። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ተከትሎት የመጣው ክረምትም ደከመ፤ በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ከጣሉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በልጉ ለምን እንደሚቀር ሲጠይቅ ጂኦግራፊን ብቻ እየጠየቀ አይደለም፤ የአያቶቹን ታሪክ፣ የእህል ዋጋን፣ የመንግሥትን ኃላፊነትም እየጠየቀ ነው። በእኔ እምነት ማኅበራዊ ሳይንስ ማለት ይህ ነው፤ የትምህርት ዓይነቶቹ በየመጽሐፉ ቢለያዩም በልጁ ጥያቄ ውስጥ አንድ ላይ ናቸው።

ወደ እኔ ስትመጣ ደብተሯ ላይ ከአማራጮቹ በላይ የጻፈችው የልጁን ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ለመመለስ የሚያበቃኝን ትምህርት ነው የምፈልገው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያደረግነው ሁሉ ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የተነሣ ነው።

አማራጮቹ

የመጀመሪያው የትምህርት አመራርና አስተዳደር ነበር። በከተማው ብዙ መምህራን የተማሩት እሱን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ስለሚሰጥ ከሥራም ከቤትም አያርቅም። ባለቤቷም «ቢያንስ ዳይሬክተር ትሆኛለሽ» ብሎ የደገፈው ይህንን ነበር። አመራርን የሚንቅ ሰው አይደለሁም፤ ጥሩ ዳይሬክተር አንድን ትምህርት ቤት ሲያቀና በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ይህ ዲግሪ የሚያዘጋጀው ከክፍል ውጭ ላለ ሥራ ነው። ስለ ዕቅድ፣ ስለ በጀት፣ ስለ ሱፐርቪዥን፣ ስለ ሰው ኃይል አስተዳደር ያስተምራል። በክፍል ውስጥ መቆየት የሚፈልግ መምህር ከተማረው በኋላ ሰሌዳው ፊት ሲቆም የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ሳዝንበት የኖርኩት ነገር ቢኖር ጎበዝ የጂኦግራፊና የታሪክ መምህራን ቀኑ ስለተመቻቸው ብቻ በዚህ በር ገብተው ከክፍል መውጣታቸው ነው። «ዳይሬክተር መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አልፈልግም» አለች። ይህ አማራጭ በዚህ ተዘጋ።

ሁለተኛው ሥርዓተ ትምህርትና የማስተማር ዘዴ ነበር። ይህ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። በ8ኛና በ9ኛ ክፍል መካከል ያለውን ገደል የምታውቅ መምህርት የሥርዓተ ትምህርት አቀራረጽ ብትማር ለመጽሐፍ ዝግጅትም፣ ለመምህራን ሥልጠናም ትጠቅማለች። ወደፊት በመምህራን ኮሌጅ ማስተማር የሚያስብ ሰው ይህን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ሦስተኛው ታሪክ ነው። ልቧ ያለው እዚህ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የተቀመጡባት ቦሩ ሜዳ ከደሴ የምትርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ እሷ ያደገችበት ሐይቅ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። በዚህ አካባቢ ተወልዶ ታሪክ አለመውደድ ይከብዳል። እንቅፋቱ የመግቢያ መስፈርቱ ሆነ። የታሪክ ክፍሎች በአብዛኛው በታሪክ ወይም በቅርብ ተዛማጅ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ የጂኦግራፊ ዲግሪ በአንዱ ዘንድ «ይታያል»፣ በሌላው ዘንድ «አይሆንም» ተባለ። «ይታያል» በሚል መልስ ላይ የአንድ ዓመት ዕቅድ መገንባት አይቻልም።

አራተኛው ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ነበር፤ እሱም ራሱ ቅርንጫፍ አለው። ጠቅላላውን የሚሰጡ አሉ፤ የአየር ንብረት፣ የመሬት ሀብት፣ የሕዝብና የከተማ ጥናት ብለው የሚከፍሉ አሉ፤ የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓትና የርቀት ቅኝትን፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራትንና ምድርን በሳተላይት ምስል ማጥናትን፣ ለብቻው የሚያስተምሩም አሉ። ይህ የመጨረሻው በወጣት መምህራን ዘንድ በጣም ይፈለጋል፤ ምክንያቱም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅትና በፕሮጀክት ውስጥ ያስቀጥራል ተብሎ ይታመናል። እውነት ነው፣ ያስቀጥራል። ለመምህርነት ግን ፕሮግራሙ በሙሉ ሶፍትዌር ከሆነ ይጠባል። ከዚያ ውስጥ ለክፍል የሚጠቅመውን ያህል ከጠቅላላው ጂኦግራፊ ፕሮግራም በአንድና በሁለት ኮርስ ማግኘት ይቻላል። ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሥራ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን የሚያነሣው የላንድሳት ሳተላይት ምስልም፣ የ10 ሜትር ዝርዝር የሚያሳየው የሴንቲኔል 2 ምስልም በነፃ ይወርዳል። አንድ መምህር ላፕቶፕና ትንሽ ኢንተርኔት ካለው የቦርከናን ተፋሰስ ራሱ ሥሎ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል።

አምስተኛው ከአሜሪካ የመጣ ሐሳብ ነው። እዚያ የምትኖር የአክስቷ ልጅ በኢንተርኔት የሚሰጥ የማስተማር ሁለተኛ ዲግሪ እንድትሞክር ነግራታለች። ይህ በዚያ አገር ኤም ኤ ቲ የሚባለው ዲግሪ በአብዛኛው የሚያገለግለው በአንድ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ኖሮት የማስተማር ፈቃድ ለሌለው ሰው ነው፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ደንብ ነው። በእኛ አገር ያ ቦታ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ማለትም በተለምዶ ፒጂዲቲ የምንለው፣ የተቀመጠበት ነው። እሷ ማስተማር የተማረች መምህርት ስለሆነች የዶላሩን ክፍያ ትተን እንኳ የሚሞላላት ጉድለት የለም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆየንም።

ቀይ እስክሪብቶ

ሁለቱ ሲቀሩ፣ ማለትም ሥርዓተ ትምህርትና ጂኦግራፊ፣ የሁለቱንም የኮርስ ዝርዝር ከየትምህርት ክፍሉ እንድታመጣ ጠየቅኳት። ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈውን የፕሮግራም ስም አልፈለግሁም፤ እያንዳንዱ ኮርስ በስሙና በክሬዲቱ የተጻፈበትን ወረቀት ነው የፈለግሁት። ብዙ አመልካች ይህን ወረቀት ሳያይ ይመዘገባል። ወረቀቱ ሚስጥር አይደለም፤ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ይገኛል።

ወረቀቶቹን ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጎን ዘረጋናቸው። እሷ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ በእያንዳንዱ ኮርስ ትይዩ «ይህን ብማር የትኛው ምዕራፍ ይቃናል?» እያለች ምዕራፉን ጻፈች፤ የማይገናኘውን ባዶ ተወችው። የሥርዓተ ትምህርቱ ወረቀት በአብዛኛው ባዶ ሆኖ ቀረ። የነበሩት ኮርሶች ጥሩ ነበሩ፤ የሚያስተምሩት ግን ትምህርት በጠቅላላው እንዴት እንደሚታቀድና እንደሚመዘን ነው። የጂኦግራፊው ወረቀት ቀላ። የአየር ንብረት ጥናት፣ የተፋሰስ አያያዝ፣ የሕዝብና የሀብት ግንኙነት፣ የምርምር ዘዴ፣ የመረጃ ሥርዓት ኮርስ፣ ሁሉም ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ነኩ። የአየር ንብረቱ ኮርስ ትይዩ የጻፈችው የምዕራፉን ቁጥር አልነበረም። «የልጁ ጥያቄ» ብላ ነው የጻፈችው።

ይህን ያየ አንድ ባልደረባዋ የተቃወመው ነገር ነበር፤ ተቃውሞውም ክብደት ነበረው። «ጂኦግራፊውን ማወቅሽ ብቻ ተማሪው እንዲገባው አያደርግም። የሚጎድለን ዘዴ ነው» አላት። ከፊሉን እቀበለዋለሁ። ነገር ግን የማስተማር ዘዴ ባዶውን አይቆምም። ተማሪ የዝናብ ሰንጠረዥ እንዲያነብብ፣ የሁለት ሽማግሌዎችን ምስክርነት እንዲያመዛዝን፣ ካርታ ላይ የቆላና የደጋን ወሰን እንዲያሰምር የሚያደርግ መምህር መጀመሪያ ራሱ እነዚህን ሥራዎች መሥራት አለበት። ሰንጠረዥ አንብቦ የማያውቅ መምህር የቡድን ውይይት ቢያደርግ ልጆቹ የሚወያዩት ስለ ምንም ነው። ስለዚህ ዘዴውን በዚሁ በጂኦግራፊው ውስጥ እንድትፈልገው፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፏ ወደ ክፍል የሚመለስ ነገር እንዲኖረው ተስማማን።

የመመረቂያ ጽሑፍን ነገር ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ በምርጫ ጊዜ ማንም አያስበውምና። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ግማሽ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው። በትምህርት ክፍሉ ውስጥ የትኛው መምህር ምን እንደሚያጠና፣ ስንት ተማሪ እንደሚያማክር፣ ቀደምት ተመራቂዎች ምን ላይ እንደጻፉ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ቤተ መጻሕፍት ገብታ የቀድሞ ተመራቂዎችን ጽሑፎች አገላበጠች። በአንደኛው ተቋም ርዕሶቹ ከወረዳ ወረዳ ስማቸው ብቻ እየተለወጠ የሚደጋገሙ ሆነው አገኘቻቸው። በሌላኛው የመስክ ሥራ የታየባቸው፣ የገበሬውን የዘመን አቆጣጠር ከዝናብ መረጃ ጋር ያስተያዩ ጥናቶች ነበሩ። የምርጫውን ሚዛን ከደፉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ክረምት፣ ገንዘብና መንገድ

ዛሬ በወሎ ምድር ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ። የቀድሞው ትውልድ ሁለተኛ ዲግሪ ሲፈልግ አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት፤ ከደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ወይም የፔዳጎጂ አካዳሚ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ መምህራንን ሲያሠለጥን ወደኖረው ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነበረበት። እሷም ባሕር ዳርን አስባ ነበር፤ ስሙም፣ የቆየ ልምዱም ይስባል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ይከፈታል ይዘጋል፤ ሁለት ልጆች ላሏት እናት ሐምሌ ላይ ሄዳ መስከረም ላይ መመለሷን እርግጠኛ መሆን የማትችልበት ጉዞ ሆነ። በቅርብ ያሉት ተቋማትም ከጉዳት አላመለጡም። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ንብረታቸው ተዘርፎና ወድሞ ነበር። ስለዚህ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንዳገገመ ሄዳ በዓይኗ እንድታይ መከርኳት። በወሬ መመዘን ለተቋሙም ለእሷም ፍርደ ገምድልነት ነው።

መርሐ ግብሩ የክረምት ነው፤ መምህራን ከሥራ ሳይለቁ በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ይማራሉ። በመደበኛው ሁለት ዓመት የሚፈጀው እዚህ ሲበታተን ይረዝማል፤ ከሥራ ሳይለቁ መማር የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። በእነዚያ ወራት ልጆቹን እናቷ ከሐይቅ መጥተው ይይዛሉ። ባለቤቷ መጀመሪያ አንገራገረ፤ በኋላ ግን «እናትሽ ከመጡልን የቀረውን እኔ እችላለሁ» አለ። ይህን የቤት ስምምነት እንደ ትንሽ ነገር የሚያልፍ ሰው የመምህርትን ሕይወት አያውቅም። በወንድ መምህራን የምርጫ ውይይት ላይ «ልጆቹን ማን ይይዛል?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉ በፊት ግን ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነበር። የቋንቋና የቁጥር አስተሳሰብ ይፈትናል፤ ብዙ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው የሚፈራው ሁለተኛውን ነው። እሷ የልጇን የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ከፍታ ከንጽጽርና ከመቶኛ ጀመረች። «አብሽሩ ጋሼ፣ ልጄ ያስጠናኛል» ትለኝ ነበር። አለፈች።

የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ

እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ሁለተኛ ዲግሪ ለደመወዝ እርከንና ለደረጃ ዕድገት እንዲያዝ ከሚያስተምሩት ትምህርት ጋር ያለው ተዛማጅነት ይታያል። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ባለው መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው የትምህርት ማስረጃው ካልተያዘለት የደከመበት ዓመት በወረቀት ላይ ዋጋ ያጣል። በኮሪደር «ይያዛል» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ያ ሰው ሲዛወር ቃሉም አብሮት ይዛወራል። ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት የፕሮግራሙን ሙሉ ስም ጠቅሳ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ ጠየቀች፤ መልሱንም በማኅተም ተቀበለች። ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ለጂኦግራፊ መምህርት ያለ ክርክር ተዛማጅ ነው የሚል ነበር። ታሪክን ብትመርጥ ኖሮ ጉዳይዋ ተለይቶ እንደሚታይ ቃላቸውን ሰጧት። የትብብር ደብዳቤውንና ከትምህርት በኋላ የሚያስገድደውን የአገልግሎት ውል አብራ አነበበች፤ ለስንት ዓመት እንደሚያስራት፣ ዋስ ማን እንደሚሆን፣ በመሐል ብትዛወር ምን እንደሚከተል ሁሉንም ጠይቃ ፈረመች።

ምርጫው ከተወሰነ በኋላ

በቅርብ ባለ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ገባች። ስለ አንደኛው ክረምት ብዙ የምለው የለም፤ ትምህርቱ ከብዷት ነበር፤ በተለይ ስታትስቲክሱ። በእንግሊዝኛ አካዳሚያዊ ጽሑፍ መጻፍ ከሁሉ ይበልጥ ፈትኗታል፤ ለዓመታት በአማርኛ ያስተማረ መምህር ሁሉ የሚደርስበት ነው።

ጥቅሙ የታየው በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ነበር። የዝናብ ሥርጭቱን ምዕራፍ ስትደርስ ካርታውን በሰማያዊ ጠመኔ አልቀባችውም። ተማሪዎቹን ከየት እንደመጡ ጠየቀቻቸው፤ ከባቲ፣ ከአልቡኮ፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከቃሉ። እያንዳንዱ ቤተሰቡ መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚያጭድ ጠይቆ እንዲመጣ አዘዘች። በማግስቱ ሰሌዳው በወራት ስም ተሞላ። የባቲው ልጅ ቆላ ላይ የሚዘራው ማሽላ ከደጋው ገብስ ጋር እንደማይገናኝ ሲያይ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የደጋው እህልና የቆላው ከብት ለምን እንደሚለዋወጥ ማንም ሳይነግረው ራሱ አስረዳ። ጂኦግራፊውም ኢኮኖሚክሱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ በብዙ ክፍሎች ተቀምጬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ዝምታና እንዲህ ያለ ጫጫታ ተከታትለው የሰማሁበት ክፍል ጥቂት ነው።

የበልጉ መቅረት ጥያቄም ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ተለወጠ። መጀመሪያ ያቀረበችው ርዕስ በወሎ የአየር ንብረት ለውጥ ያስከተለውን ችግር በጠቅላላው የሚያጠና ነበር፤ አማካሪዋ «ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ሥራ ነው» ብሎ መለሰላት። ጠበበ። አሁን በደሴ ዙሪያ ሁለት ቀበሌዎች የበልግ ዝናብ አጀማመር መለዋወጥ የገብስ ዘር ቀንን እንዴት እንዳዛባው ታጠናለች። የዝናቡን መረጃ ከኮምቦልቻ የአየር ጠባይ ጣቢያ መዝገብና ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ከሚይዘው ቺርፕስ ከተባለው ነፃ የሳተላይት የዝናብ መረጃ ታስተያያለች፤ የዘር ቀኑን ደግሞ ከገበሬዎቹ ትጠይቃለች። በአባሪው ላይ ለ9ኛ ክፍል የሚሆን የበልግና የክረምት ትምህርት እንድታያይዝ ትምህርት ክፍሉ ፈቅዶላታል፤ ይህን ፈቃድ ለማግኘት ተከራክራለች፤ መከራከሯም ተገቢ ነበር።

አንድ ችግር አለ። መርሐ ግብሩ የክረምት ስለሆነ አማካሪዋን በቅርብ የምታገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በልግ ግን የሚዘራው እሷ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በምታስተምርበት ወቅት ነው። ስለዚህ የመስክ ሥራውን በጥር ቅዳሜና እሑዶች ልታደርገው አቅዳለች፤ ገበሬው ማሳውን እያረሰ የመጀመሪያውን ዝናብ በሚጠብቅበት ጊዜ። ከየካቲት በኋላ ዘር ከተጀመረ ማንም ቁጭ ብሎ አያወራትም። መጠይቁን በአማርኛ አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ ያ የበልጉን ጥያቄ የጠየቃት ልጅ አባት ከመጀመሪያዎቹ ተጠያቂዎች አንዱ ለመሆን ፈቅደዋል።